ለሰባዎቹ የሚሆን ጉልበት በአርባዎቹ፦ እርምጃ፣ ሩጫ፣ ኳስ፣ ጂም ወይስ ቤት ውስጥ?

በአዲስ አበባ አራት ፎቅ ካላቸው ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ዕጣ የደረሰው የ35 ዓመት ሰው ደረጃውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በ75 ዓመቱ ግን ከቤት ወጥቶ መግባቱን የሚወስንለት የጭኑና የትንፋሹ አቅም ይሆናል። እርጅና የሚጠይቀው ነገር በአብዛኛው ይህን የመሰለ ተራ ነገር ነው፦ ወንበር ሳይደገፉ መነሳት፣ ዕቃ አንጠልጥሎ ደረጃ መውጣት፣ ሲደናቀፉ ሳይወድቁ መቆም፣ ቢወድቁም ዳሌን ሳይሰብሩ መነሳት። ስለዚህ በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ ስፖርት የሚመርጥ ሰው ምርጫዎቹን በአራት ነገሮች ቢመዝናቸው ይሻላል፤ እነርሱም የጡንቻ ጉልበት፣ ትንፋሽ፣ የአጥንት ጥንካሬና ሚዛን መጠበቅ ናቸው። ክብደት መቀነስን ከመመዘኛዎቹ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። ኪሎ የሚቀንሰው በዋናነት በምግብ ነው፤ ጡንቻ ሳይጠበቅ የቀነሰ ኪሎ ደግሞ ለእርጅና መዘጋጀት ቀርቶ እርጅናን ማፋጠን ሊሆን ይችላል።

የጡንቻ መጠን ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ከ60 በኋላም ቅነሳው እንደሚፈጥን በሕክምናው ዘርፍ በሰፊው ይጠቀሳል። ጉልበት ከመጠኑ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቀድመው የሚዳከሙት ድንገተኛ ኃይል የሚሰጡት የጡንቻ ክሮችና እነርሱን የሚያዝዙት ነርቮች ናቸው። እግር ሲደናቀፍ ሰውነትን የሚያድኑት እነዚሁ ክሮች በመሆናቸው በእርጅና መውደቅ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትንፋሽን በተመለከተ ደግሞ በአሜሪካ ዳላስ የተደረገ አንድ ጥናት አስገራሚ ውጤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳይነሱ ተደረገ፤ ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ ያ የሦስት ሳምንት መተኛት የሰውነታቸውን ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ከ30 ዓመቱ ዕድሜ የበለጠ ጎድቶት እንደነበር ታወቀ። ከዚያም በ50 ዓመታቸው ለስድስት ወር ያህል ቀስ በቀስ እየተለማመዱ በዕድሜ ያጡትን የትንፋሽ አቅም መልሰው አገኙ።

ምርጫ ውስጥ ከመግባት በፊት ያለዎትን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከተለመደ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ በ30 ሰኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መነሳትና መቀመጥ እንደሚቻል መቁጠር ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ60 እስከ 64 ዓመት ባለው ዕድሜ ወንድ ከ14፣ ሴት ከ12 በታች ከሠሩ ከአማካይ በታች ይመድባቸዋል፤ በ45 ዓመቱ ከእነዚህ ቁጥሮች እምብዛም የማያልፍ ሰው ዛሬውኑ ቢጀምር ይመረጣል። ሁለተኛው ዓይንን ገልጦ በአንድ እግር ለ10 ሰኮንድ መቆም ነው። በብራዚል ከ51 እስከ 75 ዓመት በሆናቸው ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ይህን ማድረግ ያቃታቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷል። ይህ ግን አለመቻሉ በራሱ ይገድላል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የጠቅላላ ጤና ምልክት ነው። ደረት ላይ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው፣ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ወይም ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ግን ማንኛውንም ከባድ ነገር ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት።

ከምርጫዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው ያለው እርምጃ ነው፤ «ስፖርት እሠራለሁ» ከሚሉ ጎልማሶች አብዛኞቹ ማለዳ ተነስተው የሚራመዱ ናቸው። እርምጃ ወጪ የለውም፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ለደም ግፊትና ለስኳርም ይጠቅማል፤ ይሁንና በወግ እየተጨዋወቱ የሚደረግ ዝግ ያለ እርምጃ ከላይ ከተጠቀሱት አራት ነገሮች አንዱንም በበቂ አይገነባም። ለትንፋሽ እንዲጠቅም በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ቆጠራ ለማይወድ ሰው ደግሞ እየሄደ ማውራት ይችላል መዝፈን ግን አይችልም የሚባለው ፍጥነት ይበቃዋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት የሚወጣ ሰው ሜዳ ላይ በሩጫ የሚገኘውን የትንፋሽ ልምምድ ያለ ሩጫው ዝላይ ያገኘዋል፣ ጭኑና መቀመጫው ላይ ያሉት ጡንቻዎችም ከሜዳው ይልቅ ይሠራሉ። ሲወርዱ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ጉልበት የሚጎዳውና በማግስቱ ጭን የሚቆረጥመው በአብዛኛው ከቁልቁለቱ ነው። ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ ሰዎች የውሻውን ነገር ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት አላነሳውም። ያም ሆኖ ዳገትም ቢሆን ለክንድ፣ ለጀርባና ለትከሻ የሚሰጠው ነገር የለም፤ ስለሆነም እርምጃን ብቸኛ ምርጫ ማድረግን አልመክርም።

ሩጫ ለትንፋሽ ከሁሉም ይበልጣል፤ እያንዳንዱ እርምጃ መሬትን ስለሚመታ ለእግር አጥንትም ይጠቅማል። የጉልበት መገጣጠሚያን ይጨርሳል የሚለው የተለመደ ፍርሃት ለጤና ያህል በሚሮጡ ሰዎች ላይ በጥናት አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም በመጠኑ የሚሮጡ ሰዎች ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ሲያንስባቸው ታይቷል። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1972 በሙኒክ በ40 ዓመቱ ነሐስ አግኝቷል። ነገር ግን ማሞ ሩጫን በ40 ዓመቱ አልጀመረም፤ የጀማሪ ጎልማሳ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲለምዱ ጅማቱና አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ትንፋሹ «እችላለሁ» ባለበት ወቅት ነው። አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ በመራመድ መጀመር፣ ከአስፋልትና ከኮብልስቶን ይልቅ እንደ ጃንሜዳና እንደ እንጦጦ ጫካ ያለ አፈር መምረጥ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን አለማለፍ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቂ ነው። በየዓመቱ በኅዳር የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ለብዙዎች ጥሩ ግብ ሆኗል፤ ችግሩ ሩጫው ካለፈ በኋላ ጫማውን እስከ መስከረም የሚሰቅለው መብዛቱ ነው። ሩጫም ቢሆን የላይኛውን የሰውነት ክፍል አይገነባም።

ኳስ የሚጫወተው የሰፈር ጤና ቡድን ከስፖርቱ በላይ ማኅበራዊ ጥቅሙ የጎላ ነው፤ እድር የሚመስል ትስስር ስላለው የቀረ ሰው በስልክ ይፈለጋል፣ በዚህም ምክንያት ሰዎች ለዓመታት ይዘልቁበታል። ኳስ ጨዋታ ሩጫን፣ ድንገተኛ መቆምን፣ መዞርንና መዝለልን ስለሚያቀላቅል ለአጥንትና ለሚዛን ከቀጥታ ሩጫ የተሻለ ነው፤ በዴንማርክ በጎልማሶችና በአዛውንቶች ላይ የተደረጉ ተከታታይ ጥናቶችም ለልብና ለአጥንት እንደሚጠቅም አሳይተዋል። አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ እሑድ ጠዋት ሳያሟሙቅ ሜዳ የሚገባ የ45 ዓመት ሰው የተረከዝ ጅማቱ የሚበጠስበት ትክክለኛው ሁኔታ ይኸው ነው፤ ጅማቱ ሲበጠስ ብዙዎች ከኋላ የተመቱ መስሏቸው ዞር ይላሉ። ጤና ቡድን የሚመርጥ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ውስጥ የባቱንና የጭኑን ጡንቻ ቢያጠናክር፣ ከጨዋታው በፊትም 15 ደቂቃ ቢያሟሙቅ የጉዳቱን ዕድል ይቀንሰዋል። ቡድኖቹ በአብዛኛው የወንዶች መሆናቸውም ምርጫውን ለግማሹ ሕዝብ ይዘጋዋል።

ወደ ጂም ስንመጣ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጂም የወጣት ነው የሚለው አመለካከት በዚህ ዕድሜ ላይ ያለውን ሰው ከሚያስፈልገው ነገር አርቆታል። በቦስተን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በእንክብካቤ ማዕከል የሚኖሩ፣ ወደ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አሥር ደካማ አረጋውያንን ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ከባድ ክብደት እንዲገፉ አደረገ፤ ልምምዱን የጨረሱት የጭን ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በአጥንት በኩል ደግሞ ካረጡ በኋላ አጥንታቸው የሳሳ አውስትራሊያውያን ሴቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ከባድ ክብደት ሲያነሱ ከስምንት ወር በኋላ የታችኛው አከርካሪ አጥንታቸው ጥግግት በ3 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ቀላል እንቅስቃሴ ቤታቸው የሠሩት ግን በ1 በመቶ ገደማ ቀንሶባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ የማረጥ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ስለሚሳሳ፣ ከ45 እስከ 55 ዓመት ላይ ላለች ሴት ከሁሉም ምርጫ አስቀድሜ የምመክራት ክብደት ማንሳትን ነው። ወንድ ልመስል ነው የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ በዚህ ዕድሜ ያለውን ጡንቻ ማቆየት ራሱ ብዙ ሥራ ይጠይቃል።

ጂም ሲመርጡ የመሣሪያው ብዛት አያታልልዎ። ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው አሰልጣኙን ይመልከቱ፦ አዲስ የገባን ሰው ደም ግፊቱንና የቀድሞ ጉዳቱን ይጠይቃል? ሲያነሳ ወገቡ ቢጎብጥ ያስቆመዋል ወይስ «በርታ!» እያለ ክብደት ይጨምርለታል? የሚያነሳውን ኪሎ መዝግቦ በየሳምንቱ ያሳድግለታል? የሦስቱም መልስ አሉታዊ ከሆነ የሚከፍሉት ለሙዚቃውና ለመስታወቱ ነው። ፕሮግራሙ አምስት እንቅስቃሴዎችን መያዝ አለበት፦ ቁጭ ብድግ፣ ወገብን ሳያጎብጡ ከመሬት ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ተሸክሞ መራመድ። ክብደቱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚነሳና መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መጨመር የሚያስችል ቢሆን፣ ይህም ሁለት ሦስት ዙር ቢደጋገም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። በሚያነሱበት ጊዜ ትንፋሽን ማፈን ደም ግፊትን ድንገት ከፍ ስለሚያደርግ ሲያነሱ ማስወጣት፣ ሲያወርዱ ማስገባት ይልመዱ። የጂም ድክመት ወርሃዊ ክፍያውና መንገዱ ነው፤ ከሥራ በኋላ ታክሲ ተሰልፎ አንድ ሰዓት የሚያባክን ሰው የቱንም ያህል ቢወስን ሦስተኛው ወር ላይ መቅረት ይጀምራል።

ይህ የሚከብደው ሰው ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ከሚያስበው በላይ ነው። የቢጫው ጀሪካን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን በፈለጉት መጠን የሚያድግ ክብደት ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። አምስት ሊትር ሞልተው ደረትዎ ላይ አቅፈው ከወንበር ይነሱና ቀስ ብለው፣ ሦስት እየቆጠሩ ይቀመጡ፤ አሥር ጊዜ ሲቀልልዎ በሳምንቱ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይጨምሩበት። ሃያ ሊትሩን ከመሬት ሲያነሱ እግርዎን በጀሪካኑ ግራና ቀኝ አድርገው፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ደረትዎን ሳይደፉ በእግርዎ ይግፉ፤ ጀርባ የሚቀጨው ከክብደቱ ብዛት ይልቅ በአብዛኛው ጎንበስ ብለው ጠምዘዝ ሲሉ ነው። ከዚያም በሁለት እጅ አሥር አሥር ሊትር ይዘው በግቢው ወይም በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ይራመዱ። እጅ የመጨበጥ ጉልበት የጠቅላላ ጤና ምልክት መሆኑ በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሲሆን፣ ያለ ዕድሜ መሞትን ከላይኛው የደም ግፊት ልኬት ይልቅ አመልክቶ ተገኝቷል።

ፑሽ አፕ ለማይችል ሰው መሬት ላይ መውደቅ ግዴታው አይደለም፤ ግድግዳ በመግፋት ጀምሮ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ በመጨረሻም ወደ ወለል መውረድ ይችላል። መወጣጫ ደረጃው ሁለት ጥቅም አለው፦ መውጣቱ ለትንፋሽና ለጭን፣ የመጀመሪያው ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ማውረድና ማንሳት ደግሞ ለባት። እጀታውን ይዘው ይሥሩት፤ በአንድ እግር እየሠሩ ሲለምዱት ሚዛንንም ይጨምርልዎታል። የቤት ውስጥ ስፖርት ድክመት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚያርም ዓይን የለም፤ ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያው ወር ልጅዎ በስልክ ከጎን ቢቀርጽዎ ወገብዎ መጉበጡን ራስዎ ያዩታል። ሁለተኛ፣ ከዓመት በኋላ ጠንካራ ጭን ላለው ሰው 20 ሊትር ማነስ ይጀምራል፤ ያኔ በአንድ እግር መሥራት ወይም ወደ ጂም መሸጋገር ይቻላል።

ዋናና ብስክሌት ለትንፋሽ መልካም፣ ጉልበቱ ለተጎዳና ክብደቱ ለበዛ ሰውም የተመቹ ናቸው፤ የሰውነትን ክብደት ውሃው ወይም ኮርቻው ስለሚሸከመው ግን አጥንትን አያጠናክሩም፣ ለብቻቸውም አይበቁም። በ«መንገድ ለሰው» ቀን አደባባይ ላይ በሙዚቃ የሚሠራው ኤሮቢክስ ለመነቃቃት ጥሩ ቢሆንም ክብደቱ የማያድግ በመሆኑ ጉልበት አይጨምርም። በጾም ወራት የሚሰግዱ እናቶችና አባቶች ደግሞ መንበርከክን፣ ወለል መንካትንና መነሳትን እየደጋገሙ ስለሚሠሩ ከወለል የመነሳት ችሎታቸውን ሳያውቁት ጠብቀው ያቆያሉ፤ ስግደት የሚደረገው ለሌላ ዓላማ በመሆኑ ከስፖርት ጋር አላወዳድረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን ማጠናከርን ይመክራል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ሁለተኛው ተረስቷል። ስለዚህ ምርጫዬ እንዲህ ነው፦ አሁን የሚራመድ ሰው እርምጃውን ይቀጥል፣ ከሚራመድባቸው ቀናት ሁለቱን አሳጥሮ የጀሪካኑን ሥራ ያስገባ። ሯጭ አንዱን የሩጫ ቀን ለክብደት ይልቀቅ። ኳስ ተጫዋች ባቱንና ጭኑን ያስቀድም። ማረጥ የጀመረች ወይም ያረጠች ሴት ከቻለች አሰልጣኝ ያለበት ጂም ትግባ፣ ካልቻለች በቤት ትጀምር። ቀኑን መሪ ጨብጦ የሚውል ሹፌር፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ቁጭ ብድግንና ወገብን ሳያጎብጡ ከዳሌ መታጠፍን ከምንም በፊት ይልመድ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው በበጋው ሙቀት ውጭ መራመድ ስለማይችል የሕንፃው ደረጃ የተሻለ ምርጫው ነው። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል በሳምንት ሁለት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ የእግር ጉልበት እመርጥለታለሁ፤ ትንፋሽ ዘግይቶ ቢጀመርም ቶሎ ይመለሳል፣ የጠፋ ጡንቻና አጥንት ግን ለመመለስ ይዘገያል።

ያለ ምግብ ጡንቻ አይገነባም፤ ይህ በተለይ ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾም ሰው ማሰብ የሚገባው ጉዳይ ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ65 እስከ 78 ግራም ማለት ነው። አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ስለሚይዝ በስሱ የተቀባ ሽሮ ብቻውን አያደርስም፤ ክክ፣ ባቄላ፣ አደንጓሬ፣ ሽምብራ ቆሎና ለውዝ ተጨምረው እንጀራው ቢቀንስ ስሌቱ ይቀርባል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን በሐኪም ያስወስን። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የክብደቱን ሥራ ከመግደፊያው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቢያደርገው ወዲያው ስለሚመገብ የተሻለ ነው፤ ረመዳን ላይም ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብሎ ቀለል ያለውን፣ ከበድ ያለውን ደግሞ ውሃ ከተጠጣ በኋላ ማድረግ ይቻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆድ አይሥራ፤ በጾም ወራት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ስፖርት አይጀምር። በሁለቱም ጾም ወቅት ክብደቱን ሳይጨምሩ በነበረበት ማቆየት ይበቃል፤ ጭማሪው ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ይደርሳል።